ርካሹ ኢንሹራንስ የማን ነው? ትራክና ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን እና ኤጀንቶቻቸው

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ትራክ ወይም ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ተገናኝተው የኢንሹራንስ ወሬ ከተነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ትከፍላለህ?» ነው። አንዱ የወር ክፍያውን ሲናገር ሌላው «ኧረ ተበልተሃል! የእኔ ኤጀንት ከዚያ በታች ይሠራልሃል» ይለዋል፤ ስልክ ቁጥሩም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። «ኩባንያው ማን ይባላል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገኝም።

ጥፋቱን ሾፌሩ ላይ ብቻ መጫንም ልክ አይመስለንም። በቋንቋችን የሚያስረዳን ሰው ስላገኘን እፎይ ብለን፣ ወረቀቱን ሳናነብ ፈርመን የምንወጣ ብዙ ነን። የየትኛው ኩባንያ ፖሊሲ እጃችን ላይ እንደሚቀር በተግባር የሚወስነው ኤጀንቱ ነው። ስለዚህ አደጋው ከፍ ያለ ደንበኛ የሚይዝ ኤጀንት ማንን መወከል አለበት የሚለው ጉዳይ የእሱ የቢዝነስ ምስጢር ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

«ሃይ ሪስክ» ሲባል ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ሰው ብቻ አይምሰላችሁ። የራሱን የትራክ ፈቃድ (ኦቶሪቲ) አውጥቶ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ሲዲኤል በቅርቡ የያዘ፣ ኢንሹራንሱ ለአንድ ወር የተቋረጠበት፣ ክሬዲቱ ገና ያልተገነባ፣ አሜሪካ ውስጥ የመንዳት ታሪክ የሌለው ሁሉ በኩባንያዎቹ ዓይን እዚያው መስመር ላይ ሊቆም ይችላል። እንግዲህ አስቡት፤ አንድም ቲኬት የሌለበት አዲስ መጪ ወገናችን ገና ከጅምሩ ውድ ደንበኛ ነው ማለት ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሲገፉት ወደ ሰፈሩ ኤጀንት ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የሚጀምረው።

ወደኋላ ትንሽ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2019 መቀመጫውን ኢሊኖይ ያደረገው አትላስ ፋይናንሺያል በሚባል ድርጅት ሥር የነበሩ ሦስት ኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ ማለትም አሜሪካን ካንትሪ፣ አሜሪካን ሰርቪስ እና ጌትዌይ፣ በመንግሥት ተቆጣጣሪ እጅ ገቡ፤ በ2020 ደግሞ እንዲፈርሱ ተወሰነ። የእነዚህ ኩባንያዎች ዋና ሥራ ምን ነበር? ታክሲና ሊሞዚን። በዚያው በ2019 ኔቫዳ የተመዘገበውና ለትራክ ባለቤቶች ሽፋን ይሸጥ የነበረው ስፒሪት ኮሜርሻል አውቶም እንዲፈርስ ተደረገ። በ2024 ደግሞ በኒውዮርክ ከተማ ከታክሲና ከኡበር መኪኖች ግማሽ በላዩን የሚሸፍነው አሜሪካን ትራንዚት ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉድለት እንዳለበት ይፋ ሆነ። የኛ ሰው በብዛት የተሰማራበት ሥራና ኩባንያ የሚከስርበት ዘርፍ አንድ መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። ፕሪሚየሙን ዝቅ አድርጎ ደንበኛ መሰብሰብ ቀላል ነው፤ ክሱ ግን የሚመጣው ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ገንዘቡ አልቋል።

ኩባንያ ሲከስር ምን ይሆናል? በስቴቱ ሙሉ ፈቃድ ያለው ኩባንያ ከሆነ «ጋራንቲ ፈንድ» የሚባል፣ ሌሎቹ ኩባንያዎች የሚያዋጡለት ቋት ክሌሙን ይረከባል። በብዙ ስቴቶች ግን ለአንድ ክሌም የሚከፍለው እስከ 300 ሺህ ዶላር ድረስ ነው። በስቴት መሀል ጭነት የሚያጓጉዝ ትራክ በፌዴራል ሕግ ቢያንስ የ750 ሺህ ዶላር ሽፋን ሊኖረው ይገባል፤ ጭነት የሚሰጡት ብሮከሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊዮን ይጠይቃሉ። የመሀሉን ልዩነት ማን ይከፍላል? የከሳሽ ጠበቃ የሾፌሩን ቤት አድራሻ ማግኘት አያቅተውም።

ይሄ እንግዲህ ጥሩው ነው። «ሰርፕለስ ላይን» የሚባሉት፣ ማለትም በስቴቱ ሙሉ ፈቃድ ሳይኖራቸው ሌላው እምቢ ያለውን አደጋ እንዲሸፍኑ የሚፈቀድላቸው ኩባንያዎች፣ በአብዛኛው ስቴት ይሄ ቋት የላቸውም። አባላቱ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት «ሪስክ ሪቴንሽን ግሩፕ» የሚባለውም በፌዴራል ሕግ ከቋቱ ውጪ ነው። ስፒሪት ከእነዚህ አንዱ ነበር። ሲፈርስ የኢንሹራንስ ወረቀት በእጃቸው ይዘው ያለ ኢንሹራንስ የቀሩት የትራክ ባለቤቶች ናቸው።

ሰርፕለስ ላይን ሁሉ መጥፎ ነው እያልን አይደለም። ጠንካራ ካፒታል ያላቸው አሉ፤ ለአዲስ ትራክ ባለቤት አንዳንዴ ሌላ በር የለም። ችግሩ ኤጀንቱ ሳይነግረን ሲያስገባን ነው። «ይሄኛው ርካሽ የሆነው ጋራንቲ ስለሌለው ነው» ብሎ በአማርኛ ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ኤጀንቱስ ለምን አያደርገውም? ለእሱም ፍትሐዊ እንሁን። የአንድ ኩባንያ ስም ለጥፎ የሚሠራ ኤጀንት ያ ኩባንያ እምቢ ካለ ብዙ አማራጭ የለውም። ራሱን ችሎ የሚሠራው ደግሞ እያንዳንዱን ኩባንያ ለመወከል ውል መፈረም አለበት፤ ኩባንያዎቹም በዓመት ይህን ያህል ፕሪሚየም አምጣ ይሉታል። ያመጣቸው ደንበኞች አደጋ ካበዙ ውሉን ይሰርዙበታል። አሥር ኩባንያ ይዞ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ቢያካፍል አንዱም አይፈልገውም። በዚያ ላይ ለአዳዲስ ትራኮች ብዙ ጊዜ በቀጥታ መሸጥ አይችልም፤ በመሀል ባለ አከፋፋይ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ኮሚሽኑም ይከፈላል። ታዲያ ብዙ የሚከፍለውንና ቶሎ የሚቀበለውን ቢያስቀድም አይገርምም።

ግን ነገሩ እሱንም ይመለሳል። ኤጀንቶች ለራሳቸው ስህተት የሚገዙት ኢንሹራንስ አለ። በብዙዎቹ ውል ውስጥ ግን «ደረጃው ዝቅ ያለ ኩባንያ ውስጥ ደንበኛ አስገብተህ ኩባንያው ቢከስር እኛ የለንበትም» የሚል አንቀጽ ተቀምጧል። ደረጃ ሲባል ኤ.ኤም. ቤስትን የመሳሰሉ መዛኞች ለኩባንያዎች የገንዘብ አቅም የሚሰጡት ነው። ይህን አንቀጽ ያላነበበ ኤጀንት ደንበኛው ሲከሰው ብቻውን ይቆማል።

በእኛ እይታ እንዲህ ያለ ደንበኛ የሚይዝ ኤጀንት ጥቂት ግን የተመረጡ ኩባንያዎች ቢይዝ ይሻለዋል። «ሃይ ሪስክ» የሚቀበል ሁሉ ደካማ አይደለም። ጋይንስኮን ስቴት ፋርም፣ ናሽናል ጄነራልን ኦልስቴት በ2021 ገዝተዋቸዋል፤ ብሪስቶል ዌስት የፋርመርስ ነው፤ ዴይሪላንድ የሴንትሪ ነው። ፕሮግረሲቭ ደግሞ በአሜሪካ የንግድ መኪና ኢንሹራንስ ትልቁ ሲሆን አዲስ ትራከሮችንም ይቀበላል። ሜሪላንድ ላለ ሰው ሁለት ኩባንያ እምቢ ካለው ወይም አንዱ ከሰረዘበት ስቴቱ በ1972 በሕግ ያቋቋመው ሜሪላንድ አውቶ አለ። ርካሽ አይደለም፤ ግን በር ይከፍታል። ኤጀንቱ ከእነዚህ ጎን ለጎን መደበኛ ኩባንያም መያዝ አለበት። ሦስት ዓመት ያለ አደጋ የነዳ ሰው እዚያው ውድ ፖሊሲ ላይ መቅረት የለበትማ! የደንበኛውን ፖሊሲ በየዓመቱ አውጥቶ የማያይ ኤጀንት የሚሠራው ለኩባንያው ነው እንላለን።

ኩባንያው ጠንካራ ሆኖም ፖሊሲው ባዶ ሊሆን ይችላል። መኪናው የሚያድረው ሜሪላንድ ሆኖ ሳለ የአጎት ልጅ ቨርጂኒያ ያለውን አድራሻ አስገብቶ ክፍያ ማስቀነስ በመሀላችን የተለመደ ነው፤ «ሁሉም ያደርገዋል» ይባላል። አንዳንድ ኤጀንትም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ኩባንያው ይህን የሚያጣራው ፕሪሚየም ሲቀበል ሳይሆን ክሌም ሲመጣ ነው። በግል ፖሊሲ ኡበር ወይም ምግብ ማድረስ የሚሠራም እንደዚያው ነው፤ ብዙ የግል ፖሊሲዎች ለገንዘብ ሰው ወይም ዕቃ ስታጓጉዙ አይሸፍኑም። ትራክ ላይ ደግሞ ኤም.ሲ.ኤስ. 90 የሚባል ወረቀት አለ። ፖሊሲው ያልሸፈነውን አደጋ ኩባንያው ለተጎጂው ይከፍልና ያንኑ ገንዘብ ከትራኩ ባለቤት መልሶ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተጨማሪ ሽፋን ያየዋል። ለእናንተ እንደ ብድር ቁጠሩት።

ይህን አሁን የምናነሳው ጊዜው ስለከበደ ነው። ከሰኔ 2025 ወዲህ መንገድ ላይ በሚደረግ ፍተሻ እንግሊዝኛ በበቂ አይችልም የተባለ የትራክ ሾፌር ከሥራ እንዲቆም ይደረጋል። የፍተሻ መዝገቡን ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ያዩታል። ቨርጂኒያም ከጥር 2025 ጀምሮ ማንኛውም መኪና ሊኖረው የሚገባውን ዝቅተኛ ሽፋን ለአንድ ሰው ጉዳት ከ30 ሺህ ወደ 50 ሺህ ዶላር አሳድጋለች። ክፍያ ሲጨምር ሰው ርካሽ ይፈልጋል፤ ርካሽ የሚሸጥም አይጠፋም።

ማጣራት ለምትፈልጉ፣ የትራክ ባለቤት ከሆናችሁ በዲኦቲ ቁጥራችሁ የፌዴራሉ የትራክ ተቆጣጣሪ ኤፍ.ኤም.ሲ.ኤስ.ኤ. ድረ ገጽ ላይ ስትገቡ ለእናንተ የተመዘገበው ኢንሹራንስ ኩባንያ ስም ይወጣል። ያንን ስም በስቴታችሁ የኢንሹራንስ ቢሮ ድረ ገጽ ፈልጉት፤ ሙሉ ፈቃድ አለው ወይስ የለውም? ከዚያ ኤጀንታችሁ ጋር ደውሉና «የዚህ ኩባንያ የኤ.ኤም. ቤስት ደረጃ ስንት ነው? ቢከስር ጋራንቲ ፈንዱ ያውቀኛል ወይ?» በሉት። ወዲያው መመለስ ካልቻለ፣ አጣርቶ በጽሑፍ እንዲልክላችሁ ጠይቁት።