የቦምቤ ዳክዬ

ስሙ ዳክዬ ቢባልም ፍጥረቱ ዓሣ ነው። አፋቸው እንደ እንሽላሊት አፍ ሰፊ፤ ጥርሳቸውም ስለታም ከሆነ ዓሦች ወገን ሆኖ፤ በሕንድ አገር ዳርቻ ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ውሃ ትንንሽ ዓሣና ሽሪምፕ እየዋጠ ይኖራል። ቁመቱ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

ሥጋው ከ10 እጅ 9 እጁ ያህል ውሃ ስለ ሆነ ፈጥኖ ይበላሻል። ስለዚህ ዛሬ ሙምባይ በምትባለው በቦምቤ አጠገብ ያሉ የአጥማጆች ሚስቶች ሁለት ሁለቱን አፍ ላፍ አቆላልፈው፤ በቀርቀሃ ላይ ሰቅለው፤ ለቤተ ሰባቸው ቀለብና ለገበያ በፀሐይ ያደርቁታል። ዝናብ ሳይታሰብ ቢወርድ ድካማቸው ከንቱ ይሆናል።

ከዝናቡ ይልቅ የሚያሠጋው ግን የመረቡ ዓይን መጥበብ ነው፤ ገና እንቁላል ያልጣለው ትንሹም አብሮ ይያዛልና። ዘሩን የበላ ገበሬ ለከርሞ ምን ይዘራል?