ኩርባ የእግር ሥራ ነው

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ጎረምሳ ቆመው የሚነዱትን ዓይነት ጄት ስኪ ይዞ ውሃው ላይ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። እኔ እጁን እጁን ሳይ ወዳጄ «እግሩን እየው እንጂ!» አለኝ። እውነቱን ነው። እንዲህ ያለው ጄት ስኪ ፍሬን የለውም። ነዳጁን ለቀቅ ካደረጉት ደግሞ በወጉ አይዞርም፤ የሚያዞረው ከኋላው የሚተፋው ውሃ ነውና። ልጁ አንዱን እግር ቀደም፣ ሌላውን ወደኋላ አድርጎ፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ በክብደቱ ነው የሚጠመዝዘው።

እኔ ግን ትዝ ያለኝ ሊማሊሞ ነው።

ለማታውቁት፣ ሊማሊሞ ከደባርቅ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ የሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ገደሉን ፈልፍሎ አወጣው። ሲሄድ መንገዱን ብቻ ሳይሆን ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ የሚሉትን ቃላትም ትቶልን ሄደ። አወራረዱን መማር ግን የራሳችን ዕዳ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ደባርቅ አክስቴ ቤት ሄጄ ነበር። የአክስቴ ልጅና እኔ ሳይክል ተከራየን። የእኔዋ የፊት ፍሬን የላትም። አከራዩን ስጠይቀው «እሱ ይገለብጣል ብለን ፈታነው» አለኝ። እኔም የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ። ሦስተኛው ኩርባ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ቀኝ እግሬ ታች ነበር። ሳይክሏ ስታጋድል ፔዳሉ መሬት ነካ፣ የኋላው ጎማ ተነሳ፣ እኔም ተዘረርኩ። ደግነቱ የወደቅኩት በተራራው በኩል ካለው ቦይ ውስጥ ነው። በሌላው በኩል ብሆን ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር።

የአክስቴ ልጅ ደም እየጠረገልኝ «አንተ ደግሞ፣ የውስጡ እግርህ ታች ምን ይሠራል?» አለኝ። እዚያው ቦይ ውስጥ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ቀኝ እግር ላይ፣ ግራ እግር ታች። ወደ ግራ ሲሆን ተቃራኒው። ታች ያለውን ፔዳል በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ጫን በሉት፤ ከኮርቻው ላይ ቀለል በሉ። ዓይናችሁ ገደሉን ሳይሆን የኩርባውን መውጫ ይይ። ፍሬን ደግሞ ከኩርባው በፊት ነው፤ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ጨምድዳችሁ ብትይዙ ጎማው ይከዳችኋል። ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ይዞ መውረድም አያዋጣም፤ ቸርኬው ግሎ ካላማደሪውን ሊያፈነዳው ይችላል። ያዝ፣ ለቀቅ ነው። የጭነት መኪና ሾፌሮች ሊማሊሞን በከባድ ማርሽ የሚወርዱት ፍሬናቸው እንዳይግል አይደል?

ፍጥነትንም አትናቁ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የምትገቡበትን ኩርባ በ40 ልግባ ካላችሁ፣ ጎማው መንገዱን ቆንጥጦ መያዝ ያለበት ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የፊት ፍሬን ይገለብጣል የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። በድንገት ከጨመደዱት አዎ፣ ይገለብጣል። ነገር ግን ስንቆም ክብደታችን ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። የኋላው ብቻውን ሲሆን ይንሸራተታል። መፍትሔው ወገብን ወደኋላ ሰብስቦ ቀስ እያሉ መጭመቅ እንጂ ፍሬኑን ፈትቶ መጣል አይደለም። አያያዙን ከማስተማር ይልቅ ዕቃውን መፍታት ቀሎን፣ ሕፃናትን በግማሽ ፍሬን ቁልቁለት እንለቃለን።

ሁለተኛው ቅሬታዬ በእኛው በወጣቶቹ ላይ ነው። ከኩርባው በፊት ፍጥነቱን የቀነሰውን «ፈሪ!» ብለን እንጮህበታለን። እኔንም ቦይ ውስጥ የከተተኝ ይኸው ስድብ እንዳይደርስብኝ ብዬ ነው። ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ ሜልቦርን ላይ ብስክሌተኞች ነበሯት። ጽጋቡ ግርማይም በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሰፈር ውስጥ ግን ልጅን ሳይክል ማስተማር ማለት ከኋላ ገፍቶ «ርገጥ!» ማለት ነው። መርገጥ ለዳገትና ለሜዳ ነው። ለቁልቁለቱ ማን ያስተምረው?

እንግዲህ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ ሳይክል ከመከራየታቸው በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣችሁ ፈትሹ። ከዚያ ሜዳ ላይ ውሰዷቸውና አንድ ነገር ብቻ አስተምሯቸው፦ የውስጡ እግር ላይ፣ የውጪው ታች። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የእኔ ክርን ጠባሳ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ቸር ይግጠመን።