ለአሚጋ "ሲአርቲ ካልሆነ አይሆንም" የሚለው ስብከት ይብቃ

ሰለቸኝ። አንድ ወጣት አሮጌ አሚጋ 500 ኮምፒውተር ገዝቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ "ከየትኛው ሞኒተር ጋር ላገናኘው?" ብሎ በጠየቀ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ሲአርቲ ፈልግ። ያንን ጠረጴዛ የሚያጣብበውን ሆዳም የመስታወት ቱቦ። ካላገኘህ ተወው ይሉታል። በፍላት ስክሪን ካየኸው አላየኸውም ይሉታል። ይህን የሚሉት በሙያው የከረሙ ሰዎች ስለሆኑ ማንም አይከራከራቸውም። እኔ እከራከራለሁ። ምክራቸው ስህተት ነው፤ ጎጂም ነው። እናንተም በልባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጀማሪ ላለመባል ዝም አላችሁ እንጂ።

እሺ፣ ሲአርቲው የት አለ? አምጡት! አሚጋን የሠራው ኮሞዶር እ.ኤ.አ. በ1994 ከስሯል። ሶኒም ትሪኒትሮን የሚባለውን ሲአርቲ በ2008 ማምረት አቁሟል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ያገለገለ፣ የደከመ፣ መለዋወጫው የማይመረት ነው። ቢበላሽ ማን ይከፍተዋል? ውስጡ 20,000 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚሠራ፣ ከሶኬት ተነቅሎም ቻርጅ ይዞ ሊቆይ የሚችል ዕቃ ነው። ይህን ለጀማሪ "ገዝተህ ጠግነው" ብሎ መምከር ምን ዓይነት ኃላፊነት ነው? ጤነኛው ሲገኝ ደግሞ የኮምፒውተሩን ዋጋ የሚያስንቅ ገንዘብ ይጠሩበታል። ልጁ በላም አለኝ በሰማይ ተስፋ ይጠብቃል። ከዚያ ይሰለቸዋል። አሚጋው ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። ቅርስ አዳኝ ነን የሚሉት ሰዎች ያዳኑት ነገር የቱ ነው?

"በዘመኑ እንደታየው ማየት ያስፈልጋል" ይላሉ። የማን ዘመን? አሚጋ 500 በ1987 ሲወጣ ብዙ የአውሮፓ ልጅ ያገናኘው ከቤተሰቡ ቴሌቪዥን ጋር ነበር፤ ኤ520 በምትባለው ሞዱሌተር፣ በአንቴናው ቀዳዳ በኩል። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዩ በሰማያዊው ላይ ይፈስሳል። ዛሬ "ትክክለኛው" እየተባለ የሚሰበከው ግን ያ ቴሌቪዥን አይደለም። ፒቪኤም የሚባለው የሶኒ ሞኒተር ነው። ፒቪኤም ለቴሌቪዥን ስቱዲዮና ለሆስፒታል የተሠራ ዕቃ ነው! የትኛው ልጅ ነው በ1987 መኝታ ቤቱ ውስጥ የስቱዲዮ ሞኒተር የነበረው? ምርጫው ያማረ ነው፤ አልክድም። ትዝታ ነው ብላችሁ ግን አትሽጡልን።

ግብዝነቱ ዓይን ያወጣው እዚህ ላይ ነው። የሲአርቲያቸውን ውበት በስልክ ያነሱና "ልዩነቱን ተመልከቱ!" እያሉ ያሳዩናል። በምን ላይ እንመልከተው? በፍላት ስክሪን! ፍላት ስክሪን ያንን ውበት ማሳየት ካልቻለ፣ ማስረጃ ብላችሁ ያቀረባችሁልን ምንድን ነው?

እውነታቸውን አልነፍጋቸውም። ሲአርቲ ላይ የሚንቀሳቀስ ምስል የጠራ ነው። በመብራት ሽጉጥ የሚሠሩ የድሮ ጨዋታዎችም ያለ ሲአርቲ አይሠሩም። የምትፈልጉት ይህ ብቻ ከሆነ ሲአርቲ ግዙ። ሌላው ሰው ግን ለምን ይቀጣል?

በሌላው ጫፍ ያሉትም አይሻሉም። "ርካሽ ኮንቨርተር ግዛ፣ ሳሎን ቲቪው ላይ ሰካው፣ አለቀ" ይላሉ። አላለቀም! አሚጋ መስመሮቹን የሚጽፈው በ15.6 ኪሎ ሄርትዝ ነው፤ የፒሲ ሞኒተሮች የሚከተሉት ቪጂኤ፣ ያውም በዚያው በ1987 የወጣው፣ በ31.5 ይጀምራል። ስለዚህ መሃል ላይ ቀያሪ መኖሩ ግድ ነው፤ መጥፎ ቀያሪ ደግሞ ከምንም አይሻልም። ብዙ ቲቪዎች የአሚጋን ምስል ግማሽ ግማሹን እየሰጠ እንደሚያልፍ የስርጭት ምስል ቆጥረው ሊያዋህዱት ይሞክራሉ፤ የሚተርፈው መንቀጥቀጥና መዘግየት ነው። ከዚያ ምስሉን ጎትተው ሰፊውን ስክሪን ይሞሉታል፤ ወርዱ በሲሶ ይጨምራል። በ1984 አሚጋን ያስተዋወቀችው ያቺ የምትነጥር ቀይና ነጭ ኳስ እንቁላል ትሆናለች። ይህን እያዩ "ይሠራል" የሚሉ ሰዎች አሉ!

ሰውን ሁሉ ግራ የሚያጋባው ግን 50 ሄርትዝ ነው። የአውሮፓ አሚጋ በሰከንድ 50 ምስል ይሰጣል። ስክሪኑ 60 ብቻ የሚያውቅ ከሆነ በየሰከንዱ አሥሩን ምስል ሁለት ሁለት ጊዜ ማሳየት አለበት። ሻዶው ኦቭ ዘ ቢስት የሚለውን ጨዋታ ክፈቱና ተራሮቹ በድርብርብ ሲንሸራተቱ እዩ። በ50 ሄርትዝ ይፈስሳሉ። በ60 ይደናቀፋሉ። ያን መደናቀፍ አይተው "ፍላት ስክሪን አይረባም" ብለው ፈረዱ። ስክሪኑ ምን በደለ? ቁጥሩን ሳይጠይቅ የገዛው ማን ነው?

ታዲያ ምን እንግዛ? ቢሮዎች የሚጥሉትን! ያንን ባለ 17 ወይም ባለ 19 ኢንች፣ ከሞላ ጎደል ካሬ የሆነውን፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ሞኒተር። መጠኑ 1280 በ1024 ነው። የአውሮፓ አሚጋ መደበኛ ምስል 320 በ256 ነው። አባዙት። 320 በ4፣ 1280። 256 በ4፣ 1024። ድንቅ አይደለም? እያንዳንዷ ነጥብ አራት በአራት ሆና ትቀመጣለች፤ የተሸራረፈ የለም፣ የደበዘዘ የለም፣ ጥቁር ጠርዝ የለም። 640 በ256 የሆነው የአሚጋ ዴስክቶፕ፣ ወርክቤንችም፣ ሁለት በአራት ሆኖ ልክ ይገባል። "እሱ እኮ አምስት ለአራት ነው፤ አራት ለሦስት አይደለም" የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። የአውሮፓው አሚጋ ነጥብ ወደ ካሬ የቀረበ ስለሆነ ኳሷ ኳስ ሆና ትቀራለች። በአዲሱ 1920 በ1080 ሞኒተር ላይ ይህንኑ ምስል በትክክል ብታስቀምጡት የስክሪኑ ወርድ ሲሶው ጨለማ ነው። ለጨለማ ለምን ትከፍላላችሁ?

ቀያሪውንም ልንገራችሁ። ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር የሚሠራው አርጂቢ ቱ ኤችዲኤምአይ ዴኒዝ ከምትባለው የአሚጋ የምስል ቺፕ ሥር ይሰካል፤ ምስሉን ወደ አናሎግ ከመቀየሩ በፊት ይወስደዋል፣ 50 ሄርትዙንም ይጠብቃል። ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ባይኖረውም ዲቪአይ ካለው ተራ ኬብል ይበቃዋል። ድምፁ ለብቻው ከአሚጋው ጀርባ ወደ ስፒከር ይሄዳል። ከ256 መስመር በላይ የሚጠቀሙ አንዳንድ ዴሞዎች ጠርዛቸው ይቆረጣል፤ ይህንን እቀበላለሁ።

ቀጥሎ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ሞኒተሮቹን ሲያስወግድ እዚያ ተገኙ። ሦስት ነገር ብቻ አረጋግጡ፤ መጠኑ 1280 በ1024 መሆኑን፣ ኤችዲኤምአይ ወይም ዲቪአይ ያለው መሆኑን፣ በመመሪያው ላይም 50 ሄርትዝ እንደሚቀበል መጻፉን። ብዙዎቹ ከ56 ስለሚጀምሩ ይህን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ። ሦስቱን ካሟላ ውሰዱት፤ ከማንም ፈቃድ አትጠይቁ።