ሁለት ልጆች በአንድ ስም

ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴ 8 ወር የሆናቸውን መንታ ሴቶች ልጆቿን፣ አንዷን አዝላ ሌላይቱን ታቅፋ፣ በጠዋት ወደ ቤቴ መጣች። «የመንታ እናት ተንጋላ ትሞታለች» የሚለው ተረት ለእርሷ የተነገረ ይመስላል፤ ቀን ባንክ ቤት የሰው ገንዘብ ስትቆጥር ትውልና ሌሊት ሁለቱን ግራና ቀኝ አስተኝታ ስታጠባ ታድራለች።

ለሳሙና ማስታወቂያ ሕፃን የሚፈልጉ ሰዎች ልጆቿን አይተው ወደዋቸዋል። «የምንፈልገው አንድ ሕፃን ነው፤ መንታ ከሆኑ ግን እጅግ ይመቸናል» አሏት። እንከፍላለን ያሉት ገንዘብ የቤት ኪራዩን ችሎ የሚተርፍ ነው። እርሷን ያሳሰባት ግን ሌላ ነበር። «አንድ ከፈለጉ ሁለት ምን ያደርግላቸዋል?» አለችኝ።

እኔም ሻይ አቅርቤ የማውቀውን ነገርኳት። ለእርስዎም ይጠቅም እንደሆነ እነሆ።

የፊልም ሥራ እንደ ፋብሪካ ሥራ በሰዓት በሚለካበት በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ሕፃን ልጅ ካሜራ ፊት የሚቆይበት ጊዜ በደንብ ተወስኗል። ከተወለደ 15 ቀን ያልሞላው ጨርሶ አይሠራም። ከ15 ቀን እስከ 6 ወር ያለ ሕፃን በሥራው ቦታ ከ2 ሰዓት በላይ እንዲቆይ አይፈቀድም፤ ከዚያም ውስጥ የሚሠራው 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ዓይኑ እንዳይጎዳ ብርቱ መብራት በአንድ ጊዜ ከ30 ሴኮንድ በላይ አይበራበትም። ነርስና የልጆችን ደኅንነት የሚጠብቅ መምህር አጠገቡ መኖር አለባቸው። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ላለው ደግሞ ቆይታው እስከ 4 ሰዓት ሲሆን ሥራው ከ2 ሰዓት አይበልጥም፤ የቀረው ጊዜ የእረፍትና የጨዋታ ነው።

እንግዲህ ያስቡት። አንድ ድራማ ለመቅረጽ ካሜራ የሚይዘው፣ መብራት የሚያበራው፣ ልብስ የሚያለብሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ደመወዝ እየተከፈለው ይቆማል። ሕፃኑ ግን ሰዓቱ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያም በፊት ቢሆን ይራባል፣ ያንቀላፋል፣ ጥርስ ሲያበቅል ያለቅሳል። መንታ ሲሆኑ አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ትገባለች፤ የአንዷ ሰዓት ሲያልቅ የሌላዋ ይጀምራል። ተመልካቹ የሚያየው አንድ ልጅ ነው። ሕጉ ለሕፃኑ አዝኖ የቀነሰው ሰዓት በመንታ ተባዝቶ ለአሠሪው ይመለሳል ማለት ነው። ነገሩ ሕግ መጣስ አይደለም፤ እንዲያውም ለሁለቱም እረፍት ይሰጣቸዋል። ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ «አይ ብልሃት!» ብላ ሳቀች።

በዚህ መንገድ አድገው በዓለም ከታወቁት መካከል ስመ ጥሮቹ ሜሪ ኬትና አሽሊ ኦልሰን ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉ።) አንድ ዓመት ሳይሞላቸው «ፉል ሃውስ» ለተባለ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ተመረጡ። ታሪኩ ሚስቱ የሞተችበት አባት ሦስት ሴቶች ልጆቹን በሚስቱ ወንድምና በጓደኛው እርዳታ ሲያሳድግ የሚያሳይ ነው። መንታዎቹ የትንሿን ልጅ፣ የሚሼልን ቦታ ተጋሩ። ድራማው ከ1987 እስከ 1995 ታየ፤ ልጆቹ አፍ የፈቱትም፣ ፊደል የቆጠሩትም በዚያው ካሜራ ፊት በነበሩበት ዘመን ነው።

አሁን እኔን ያስገረመኝን ልንገርዎ። የተዋንያኑ ስም በሚዘረዘርበት ጊዜ የእነዚህ ሁለት ልጆች ስም ለብዙ ዓመታት «ሜሪ ኬት አሽሊ ኦልሰን» ተብሎ ይወጣ ነበር። «እና» የምትል ቃል በመካከሉ የለችም። ተመልካቹ ሁለት መሆናቸውን እንዳያውቅ የአንድ ሰው ስም ተደርጎ የተጻፈ ነው። «እና» የገባችላቸው ድራማው ሊያበቃ ሲል፣ በመጨረሻው ወቅት ነው። ነገሩም በእነርሱ አልተጀመረም። ከ1974 ጀምሮ በታየው «ሊትል ሃውስ ኦን ዘ ፕሬሪ» የትንሿን ካሪን ቦታ የያዙት መንታዎች ሊንድሴይና ሲድኒ ግሪንቡሽም «ሊንድሴይ ሲድኒ ግሪንቡሽ» እየተባሉ፣ እንደ አንዲት ልጅ ይጻፉ ነበር።

እኛስ ብንሆን? አንድ ዓይነት ቀሚስ አልብሰን፣ ስማቸውን ትተን «መንትዬ፣ ነይ!» ብለን የምንጠራ ስንት ነን? የእኛው ፍቅር ነው እንበል፤ በሥራ ዝርዝር ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። የኦልሰን ልጆች ደግሞ፣ ራሳቸው እንደሚናገሩት፣ ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንታዎች እንኳ አይደሉም። ሜሪ ኬት ግራኝ ናት፤ አሽሊ ቀኝ። ሁለት እህትማማቾች ናቸው።

«ገንዘቡስ?» አለች ጎረቤቴ፤ የባንክ ሰው አይደለች!

የገንዘቡን ነገር ለማስረዳት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል። ጃኪ ኩጋን የተባለ ልጅ በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር «ዘ ኪድ» በተባለው ፊልም ላይ ሠርቶ ዓለምን አስለቀሰ። ሕፃን ሳለ ያገኘው ገንዘብ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ይገመታል። አድጎ «ገንዘቤ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን አባቱ ሞቶ ነበር፤ እናቱና የእንጀራ አባቱ ገንዘቡ የእኛ ነው አሉ። የጊዜው ሕግም ለወላጅ ያደላ ነበር። በ1938 እናቱን ከስሶ ፍርድ ቤት ቆመ። ከዚያ ሁሉ ሀብት እጁ የገባው 126 ሺህ ዶላር ያህል ነው። እናቱን በፍርድ ቤት አግዳሚ ወንበር ማዶ እያየ የቆመውን ወጣት ሳስብ የገንዘቡ ማነስ ትንሹ ጉዳት ይመስለኛል።

በዚህ የተነሣ ካሊፎርኒያ በ1939 በስሙ የሚጠራውን ሕግ አወጣች። ሕጉ ቀዳዳ ነበረበት፤ የሚሠራው ፍርድ ቤት ለተቀበለው ውል ብቻ ነበርና ብዙ ልጅ በዚያ ቀዳዳ ሾልኮ ተጎዳ። ከ2000 ጀምሮ ግን ተሻሽሎ፣ ልጅ ያገኘው ገንዘብ የልጁ እንጂ የወላጅ አይደለም ተባለ፤ ከጠቅላላ ገቢውም 15 ከመቶ ያህሉ 18 ዓመት እስኪሞላው በማይነካ ሒሳብ ይቀመጣል።

የኦልሰን መንታዎች በገንዘብ በኩል ዕድለኞች ነበሩ። በ1993፣ ገና የ7 ዓመት ልጆች ሳሉ፣ በስማቸው ዱዋልስታር የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ። ፊልሙ፣ መጽሐፉ፣ ልብሱ፣ የመዋቢያ ቅባቱ ሁሉ በስማቸው ይሸጥ ጀመር። በ2004 ዕድሜያቸው 18 ሲሞላ ኩባንያውን ራሳቸው ተረከቡ። በዚያው ዓመት አብረው የሠሩት የመጨረሻ ፊልም ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሜሪ ኬት ከአመጋገብ ጋር በተያያዘ ሕመም ሕክምና መግባቷም ለሕዝብ ተነገረ። ይህ ሕመም ካሜራ አይተው የማያውቁ ልጃገረዶችንም ይይዛልና ምክንያቱ ይህ ነው ለማለት አልደፍርም። በ2010 ግን ራሷ ለአንድ መጽሔት ስትናገር፣ የሕፃንነት ፎቶግራፎቿን ስታይ ያች ልጅ እርሷ እንደማትመስላት፣ አስተዳደጓንም ለሌላ ሰው እንደማትመኝ ገልጻለች፤ ሆኖም ለእርሷ ባይሆን ኖሮ አላለችም። ሁለቱን አንድ ላይ መስማት ይከብዳል፤ እኔ ግን እውነቷን ነው እላለሁ።

ከዚያ በኋላ እህትማማቾቹ ትወናውን ቀስ በቀስ ተዉት። በ2006 ዘ ሮው የተባለ የልብስ ድርጅት መሥርተው በንድፍ ሙያ የታወቁ ሴቶች ሆኑ፤ በ2012 የአሜሪካ የፋሽን ንድፍ አውጪዎች ምክር ቤት የዓመቱን የሴቶች ልብስ ሽልማት ሰጣቸው። የቀድሞው ድራማ በ2016 እንደገና ሲጀመር የቀድሞዎቹ ዋና ተዋንያን ተመለሱ፤ ሁለቱ ግን አልተመለሱም።

ወንዶቹን መንታዎች ዲላንና ኮል ስፕራውስንም ሳላነሣ አልቀርም። በ1992 በጣሊያን አገር ተወለዱ፤ በሕፃንነታቸው የአንድ ልጅ ቦታ ተጋርተው ጀመሩ፤ በ1999 «ቢግ ዳዲ» በተባለው ፊልም ላይም አንዱን ልጅ ለሁለት ሆኑት። ከ2005 ጀምሮ ግን በሌላ ድራማ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰው፣ ዛክንና ኮዲን ሆነው ተጫወቱ። በ2011 ሥራውን አቁመው ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ኮል የጥንት ቅርስ ቁፋሮ ጥናት ተማረ፤ በኋላም ወደ ትወናው ተመለሰ። ዲላን ተማሪ ሳለ በአንድ ምግብ ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ሲሠራ ሰዎች «ደኸየ» ብለው አወሩበት። በ2018 ደግሞ ብሩክሊን ውስጥ የማር ጠጅ መጥመቂያ ከፈተ። ጠጅ ስል ጎረቤቴ ሻዩን አስቀምጣ «እውነትሽን ነው?» አለች። እውነቴን ነው።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ሳሙና ታቅፋ የምትስቅ የ8 ወር ሕፃን ሠራተኛ ናት ወይስ አይደለችም የሚለውን ለሕግ ባለሙያ እተወዋለሁ፤ እርስዎም እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣብዎ ከመፈረምዎ በፊት ባለሙያ ያማክሩ። ባንኮቻችን በልጅ ስም የቁጠባ ሒሳብ እንደሚከፍቱ ደግሞ ጎረቤቴ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች።

የዚያን ዕለት ወረቀት አውጥታ ጥያቄዎቿን ጻፈች። በቀን ስንት ደቂቃ? ሲያለቅሱ ማን ያስቆማል? ገንዘቡ በማን ስም ይገባል? አንዷ ብቻ በፊልሙ ላይ ብትቀር ለሌላይቱስ ይከፈላል? በውሉ ላይ የሁለቱም ስም ይጻፋል? ሰውዬው በስልክ ሲሰማ «እንዲህ ብሎ የጠየቀን ሰው የለም» አላትና ለአለቆቼ ነግሬ እደውላለሁ ብሎ ዘጋው። ይህን ጽሑፍ እስካዘጋጀሁበት ቀን ድረስ አልደወለም። እርሷ ግን የልደት ምስክር ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አስነሥታ አስቀምጣለች፤ የሁለቱንም።