«ስብራት አይደለም፣ ፍራክቸር ነው አሉኝ»

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ የ7 ዓመት ልጅ ከአጥር ላይ ወድቆ ክንዱን ተጎዳ። እናቱ ሥራ ላይ ስለ ነበረች ሐኪም ቤት የወሰዱት አያቱ ናቸው። ጀሶ ታስሮለት ሲመለሱ «ምን አሉ?» ብንላቸው፣ «ተመስገን ነው፤ ስብራት አይደለም፣ ፍራክቸር ነው አሉኝ» ብለው ሁላችንንም እፎይ አሰኙን።

ካልተሰበረማ ጀሶ ምን ያደርጋል? በሦስተኛው ቀን አያት ጀሶውን በውሃ አርሰው አወለቁና ልጁን ለወጌሻ ሰጡት። ወጌሻውም አሽቶ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ማታ እናቱ ስትገባ የልጁ ጣቶች አብጠው ቀዝቅዘዋል፤ ጥፍሮቹም ጠቁረዋል። ማሰሪያውን በመቀስ ቆርጣ ልጁን አቅፋ ሮጠች። እጁ ለጥቂት ተረፈ።

እናቶች ሆይ፣ ፍራክቸር ማለት ስብራት ማለት ነው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅም ትሁን ለሁለት የተከፈለ አጥንት፣ ስሙ ያው ነው። በአያት ብቻ መፍረድም አይገባም፤ በእንግሊዝኛ አፋቸውን ከፈቱት መካከል እንኳ ፍራክቸር ከስብራት የሚቀል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። «ሲምፕል ፍራክቸር» ሲባልም ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ አልወጣም ለማለት ነው። ቀዶ ከወጣ ወይም ስብራቱ ላይ ቁስል ካለ «ኦፕን» ይባላል፤ ይህ አንድ ሰዓት እንኳ የሚያስቆይ አይደለም። በልጆች ላይ የሚዘወተረው «ግሪንስቲክ» ደግሞ ስሙን ያገኘው ከእርጥብ እንጨት ነው፤ እርጥብ ቅርንጫፍ ሲያጎብጡት በአንድ ጎኑ ብቻ እንደሚሰነጠቅ፣ የልጅ አጥንትም እንዲሁ ነው።

የሚገርመው፣ ለዚህ ሁሉ አማርኛችን አላነሰም። ዲስሎኬሽን ውልቃት ነው፤ ስፕሬን ወለምታ ነው፣ የተጎዳው ጅማቱ እንጂ አጥንቱ አይደለም። ራጅና ጀሶም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ግን አያትም ሐኪምም እኩል ስለሚያውቋቸው ማንንም አላሳሳቱም።

ጀሶም ሆነ የወጌሻ ማሰሪያ ከጠበቀ ደም ያግዳል፤ የታገደው ሥጋ ከሞተ መጨረሻው መቆረጥ ነው። ስለዚህ ጣቶች ሲያብጡ፣ ሲቀዘቅዙ፣ ሲደነዝዙ፣ ቀለማቸው ሲለወጥ ወይም ሕመሙ እየባሰ ሲሄድ ነገ ሳይሉ ያንኑ ሌሊት ወደ ሐኪም ቤት መመለስ ነው። ጀሶ ያሳክካል፣ ይከብዳል፤ ቢሆንም ሐኪም ሳያዝ ቤት ውስጥ አይወልቅም።

ልጁ ዳግመኛ ታስሮለት ለምርመራ ሲመለስ አያትም አብረው ሄደው ነበር። ወጣቱ ሐኪም ራጁን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ በእንግሊዝኛ ማብራራት ሲጀምር፣ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት፦ «ቆይ ልጄ፤ ተሰብሯል? ወልቋል? ወይስ ወለም ብሎታል?»

«ተሰብሮ ነበር እማማ፤ አሁን እየገጠመ ነው» አላቸው።