ያላመመው ኩላሊት

ፎገራ ላይ የሩዝ አረም ሲደርስ «ኩላሊቴን» የማይል ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲያርሙ የዋሉ እናት ማታ ወገባቸውን ይዘው «ኩላሊቴ ተቆረጠ» ይላሉ። በማግሥቱ ልጅ ወረታ ሲወጣ «የኩላሊት መድኃኒት አምጣልኝ» ተብሎ ይላካል፤ ይዞ የሚመለሰው ዲክሎፌናክ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ያመመው ግን የወገብ ጡንቻ ነው። ጠጠር ወይም ኢንፌክሽን ሲኖር ኩላሊትም እንደሚያም አልክድም፤ ትኩሳት፣ ሽንት ማቃጠል ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ቀስ በቀስ የሚጨርሱት ኩላሊት ግን አያምም። ሥራው ከግማሽ በታች ወርዶ እንኳ ባለቤቱ ሩዝ ሲያጭድ ሊውል ይችላል።

ለወገብ ተብሎ የሚዋጠው ዲክሎፌናክ ደግሞ ለዚያ ላላመመው ኩላሊት ጠላቱ ነው። ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፣ ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ያስቀራል፣ ግፊትም ይጨምራል። ለግፊት ኢናላፕሪልና የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ይህን ሲደርቡበት ኩላሊታቸው በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ለአረም ድካም በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ፣ ካስፈለገም ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል።

ልብ፣ ኩላሊትና ስኳር እንዴት እንደተሳሰሩ ለፎገራ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ርብና ጉማራ ዳር ሽንኩርት የሚያጠጣ ሁሉ የውሃ ሞተሩን፣ ጎማውንና ጎማው ጫፍ ላይ ያለውን ወንፊት ያውቃል። ወንፊቱ በደለል ሲደፈን ሞተሩ ይጨነቃል። ልባችን ሞተሩ፣ የደም ሥር ጎማው፣ ኩላሊት ወንፊቱ ነው። (ምሳሌው ሙሉ አይደለም፤ ኩላሊት የግፊቱን ልክ በመወሰንም እጁ አለበት።) ለዓመታት ከልክ ያለፈ ስኳር የወንፊቱን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። የተጎዳው ወንፊት ማስቀረት የነበረበትን ፕሮቲን ወደ ሽንት ያሳልፋል፣ ማስወጣት የነበረበትን ጨውና ውሃ ያስቀራል። ግፊት ይወጣል። ልብ ያንን ግፊት ተሸክሞ ሲገፋ ግድግዳው ይወፍራል፣ ውሎ አድሮም ይዝላል። የዛለ ልብ ለኩላሊት በቂ ደም አይልክም፤ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልሎ እንደ አንድ ሕመም እንዲታዩ አሳሰበ። ደረጃም አወጣላቸው፤ ከ0 እስከ 4። ደረጃ 1 የሚጀምረው ከየት ይመስላችኋል? ከቦርጭ! እኛ ዘንድ «ደልቶታል» የሚያሰኘው ማለት ነው። ለስኳር ተብለው የተሠሩ እንደ ኢምፓግሊፍሎዚን ያሉ መድኃኒቶችም ልብንና ኩላሊትን ሲጠብቁ ተገኝተዋል።

እኛ ግን አሁንም ለየብቻ ነው የምንቆጥራቸው። ከስኳር ጋር 10 ዓመት የኖሩ አንድ አባት ሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ «ሲስተር፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለስኳር ነው፤ ሽንቴን ምን አደረጋችሁት?» አሉኝ። «አባባ፣ ስኳሩ ነው እዚያ የደረሰ» አልኳቸው። ሳቁ፤ ቀጥሎ ግን ዝም አሉ።

በሩዙ ላይ ክፉ የምናገር ሰው አይደለሁም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ካገዙበት ጊዜ ወዲህ፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ የእህል መሬት ሆኗል፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስንቱን ቤት አቁሟል። ነገር ግን ተፈትጎ የነጣ ሩዝ የደም ስኳርን ቶሎ ያወጣል። ስኳር ያለባቸው አያት የሩዝ እንጀራ አይቅመሱ አልልም። ጤፍ ይቀላቀልበት፣ መጠኑ ይቀነስ፣ ምስርና ጎመን ይብዛበት። ጨው ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባው ጨውም ይቆጠራል፤ ይህን ባለሙያ እናቶች ታውቁታላችሁ።

ኩላሊት ጨርሶ ሲደክም እጥበት ይመጣል፦ ብዙውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ተያይዞ መቀመጥ። ለወረታ ሰው ይህ ማለት መንገድ፣ ወጪና አስታማሚ ነው። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ኩላሊት ይነቀል፣ ይተከል ጀምሯል፤ ሰጪው ግን በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። የአባት ኩላሊት ሲደክም የሚጠየቀው ልጅ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ለክትትል ሲሄድ «ሽንቴ ለፕሮቲን ይታይልኝ» ይበል። ቀለሙ የሚለዋወጥ ወረቀት ሽንት ውስጥ ነክሮ ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የሽንቱና ክሬአቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ ይደረግ። ልጆች፣ ወላጆቻችሁን ስታደርሱ ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ከገበያ የመጣውን «የኩላሊት መድኃኒት»ም ጭምር።