ቤተ መጻሕፍት ወደየሰፈሩ ይውረድ

በአዲስ አበባ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በጥቂት ታላላቅ ሕንፃዎች ተወስኖ መቅረት የለበትም፤ መጽሐፍ እያዋሱ ወደሚያገለግሉ የሰፈር ቅርንጫፎች ሊዘረጋ ይገባል።

ከተማዋ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተመረቀው አብርሆት አሏት። ሁለቱም ምስጋና ይገባቸዋል፤ ይሁንና ከአቃቂ ወይም ከኮተቤ ተነሥቶ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቆና የደርሶ መልስ ሒሳብ ከፍሎ የሚመጣ ተማሪ ለንባብ ያሰበው ሰዓት መንገድ ላይ ያልቅበታል።

የኒው ዮርክ ታሪክ እዚህ ላይ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1895 የከተማዋን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለመመሥረት ከተዋሐዱት አንዱ የሆነው የአስተር ቤተ መጻሕፍት አንባቢን በአዳራሹ ቢያስተናግድም መጽሐፍ አያውስም ነበር፤ አገልግሎቱ ወደ ሠራተኛውና ወደ ስደተኛው ሰፈር በስፋት የዘለቀው ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ በ1901 ለቅርንጫፎች ግንባታ 5 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጡ፣ ከተማዋም መሬቱን ለማቅረብና የሥራ ማስኬጃውን በየዓመቱ ለመሸፈን ግዴታ ስትገባ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ የሚመዝነው ይህ ግዴታ ነው፤ በልገሳ የተሠራ ሕንፃ ለሠራተኛ ደመወዝና ለአዳዲስ መጻሕፍት መግዣ በጀት ካልተያዘለት መደርደሪያው አቧራ ይጠጣልና።

ስለዚህ የከተማው አስተዳደር በየክፍለ ከተማው ቢያንስ አንድ መጽሐፍ የሚያውስ ቅርንጫፍ፣ በዘመቻና በመጽሐፍ ልገሳ ሳይሆን በመደበኛ በጀቱ፣ ሊያቋቁም ይገባል።